«የመጀመሪያው» የምትባል ቃል

አርብ ማታ ሪያድ፣ ፉጣ ሠፈር፣ አንድ የአገር ልጅ ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሳለ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «በካን ፌስቲቫል የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም» ይላል ስልኩ ላይ ያለው ጽሑፍ፤ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ማለቱ ነው። ሪያድ ለሕዝብ ሲኒማ ቤት የከፈተችው ገና በ2018 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ቢሆንም እኛ እንደ ካን ዳኛ መከራከር ጀመርን። የዘወትር አንባቢዎቼ ታውቁኛላችሁ፤ «የመጀመሪያው» የምትለዋን ቃል ስሰማ ሻዩ ይጎመዝዘኛል።

ጠቤ ከ«ላምብ» ጋር አይደለም፤ ግሩም ፊልም ነው። በ2015 የካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት ከኢትዮጵያ የቀደመው የለም፤ እሰየው። ነገር ግን ከዚያ 39 ዓመት በፊት፣ በ1976፣ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በዚያችው ከተማ በተቺዎች ሳምንት ታይቷል። የተቺዎች ሳምንት ከይፋዊው ምርጫ ጎን የሚካሄድ ራሱን የቻለ ዝግጅት ነው። ለካን ዋና ሽልማት፣ ለወርቃማው ዘንባባ የተወዳደረ እንደሆነ ከሁለቱ አንዱም የለም።

መዝገብ በማዛባት የምንታማው እኛ ብቻ አይደለንም። ካን የተወለደው በ1938 በቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የጀርመኑ «ኦሎምፒያ» የፈረንሳዊውን የሬንዋርን «ላ ግራንድ ኢሉዥን» ዋንጫ ስለነጠቀው ነው የሚሉ ፈረንጆች ሞልተዋል። የሬንዋር ፊልም ቬኒስ የተወዳደረው ግን በ1937 ነው። በ1938 የቬኒስን ዋና ሽልማት፣ የሙሶሊኒን ዋንጫ የወሰዱት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ «ኦሎምፒያ» እና «ሉቺያኖ ሴራ ፓይለት»። ይህን ሁለተኛውን ያዙልኝ። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በበላይነት የተቆጣጠረው፣ ጣሊያናዊው አብራሪ እኛን ሲወጋ ጀግና ሆኖ የሚሞትበት ፊልም ነው። ያኔ አርበኞቻችን ገና ዱር ናቸው። ወሬው ሲወራ «ኦሎምፒያ» ትጠራለች፤ የእኛ ቁስል ያለበት ይዘለላል።

ሻይ የሚቀዳልን ወጣት «ጋሼ፣ መዝገብ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ቢል ምን ይጎዳል?» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው በሳቅ ፈረሰ። ለካስ ልጁን ደላላ ፓስፖርቱ ላይ አምስት ዓመት ጨምሮበት ነው የላከው። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማውም ያንኑ ገልብጦ ይዞታል። እናቱ የምታውቀው ዕድሜ ሌላ፣ መዝገብ የሚያውቀው ሌላ። ላስተካክል ብሎ ደጅ ሲጠና ሁለት ዓመቱ።

«እሱማ የእኔ ዕድሜ ነው እኮ፣ ጋሼ» አለ፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ።

«ይሄም የኃይሌ ፊልም ዕድሜ ነው» አልኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ ስልኩን ተቀብሎ እንደገና አነበበው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ «የመጀመሪያው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት «በምኑ?» በሉ። ያን ሁሉ ክርክር ለመዝጋት «በይፋዊ ምርጫ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይበቁ ነበር።