የማሳው ዳር ለሰስባኒያ ይሰጥ

ከደብረ ሲና ቁልቁለት ወርዶ ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ፥ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ የለማውን የሽንኩርት ማሳ አይቶ የይፋት ቆላ የተባረከ ነው ቢል አልተሳሳተም፤ ዳሩ ግን ለሰው ሽንኩርቱንና ማሾውን የሚሰጠው ይኸው ምድር፥ በጋው በበረታ ጊዜ ለበሬውና ለፍየሉ የሚያቀርብለት ከደረቀ የማሽላ አገዳ እምብዛም አያልፍም። አገዳውም ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 5 እጅ ገደማ ነውና።

እኔ የምለው፥ የማሳው ዳር፥ የቦዩ ጠርዝና የእርከኑ አናት ጦሙን ከሚያድር ለሰስባኒያ ይሰጥ። ይህ የአተርና የባቄላ ወገን የሆነ፥ ለአፍሪካ ምድርም ባዕድ ያልሆነ ዕፅ፥ ባንድ ዓመት ከሰው ቁመት በላይ የሚዘልቅ፥ ጽጌው ብጫ ሆኖ በሐምራዊ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፥ ቅጠሉም ደርቆ ሲመዘን ከመቶ 20 እጅ በላይ ፕሮቲን የሚገኝበት ነው። ውኃ የተኛበትና ጨው የነካው መሬት እንኳ በቀላሉ አያሸንፈውም፤ ይህም በመስኖ ለሚኖር አገር ትንሽ ነገር አይደለም። ሥሩን በጥንቃቄ ነቅሎ የተመለከተ ሰው ትንንሽ እንክብሎች ተጣብቀውበት ያገኛል፤ አንዱን በጥፍሩ ሰንጥቆ ውስጡ ቀላ ብሎ ቢታየው፥ ረቂቃን ፍጥረታት ከአየር ናይትሮጂን እየወሰዱ ተክሉን በመመገብ ላይ መሆናቸውን ይረዳል፤ ገበሬው በዩሪያ ስም በገንዘቡ የሚገዛውም ይህንኑ ናይትሮጂን ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍም የዚሁ ወገን ነበረና፤ ከብትና ፍየል ጣፋጩን ፍሬ በልተው ዘሩን በእበትና በበጠጥ እየዘሩት፥ የተቆረጠውም ጉቶ እንደገና እያቆጠቆጠ፥ እነሆ ዛሬ የአፋርን ግጦሽ ወርሮ አርብቶ አደሩን አስጨንቆታል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሰስባኒያ ዕድሜው አጭር፥ ግንዱም እስከ መሬት ከተቆረጠ ብዙውን ጊዜ የሚሞት ስለ ሆነ፥ በወንድሙ ኃጢአት ሊፈረድበት አይገባም።

አተካከሉ ረቂቅ ጥበብ አይሻም። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ነውና ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውኃ አፍስሰውበት፥ እዚያው ነክረው አሳድረው ይዘሩታል፤ ችግኙን ክረምት ሲገባ በድንበሩ ላይ ተክለው፥ እስኪጠና ድረስ ፍየል እንዳይደርስበት ያጥሩለታል። አቆራረጡ ግን ልብ ይፈልጋል፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ትቶ፥ ጥቂት ቅጠላም ቅርንጫፍም አስቀርቶ መቁረጥ እንጂ፥ እንደ ሣር ከሥሩ ማጨድ ተክሉን መግደል ነው። የተቆረጠውም ለብቻው ሳይሆን ከአገዳው ጋር ተቀላቅሎ ለከብቱ ይቅረብ። (ውርጭ የሚመታው የመንዝ ደጋ ግን ይህን ባይመኝ ይሻለዋል፤ ለእርሱ ትሪሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ አለለት።)

በይፋት ቆላ ወረዳዎች ያላችሁ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊዎች ሆይ፥ ለመጪው ክረምት ችግኝ ስታፈሉ ለሰስባኒያም አንድ መደብ ለዩለት፤ ለገበሬውም ችግኙን ከመስጠት አልፋችሁ የሚቆረጥበትን ልክ ከማሳው ላይ ቆማችሁ አሳዩት።