ስድስተኛው ላይ አናቁም

ንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 5፥1-14

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር ሁላችንም ደነገጥን። እጃችንን ታጠብን፣ ጭምብል ገዛን፣ በየቤታችን ተንበርክከን ጸለይን። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን ከገራዶ ወደ ደሴ በምንሄድበት ታክሲ ጭምብላችን አገጫችን ላይ ወርዶ ነበር፤ ወደ አፍንጫችን የምንመልሰው ፖሊስ ስናይ ብቻ ነበር። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በኮሮና የታመሙትን ሲያክም፣ እኛ ገበያ ላይ እየተገፋፋን «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» እንል ነበር። አዎ፣ ይጠብቃል። እኛ ግን በዚህ ቃል ቸልተኝነታችንን ሸፈንንበት።

ይህ ልማድ ከኮሮና ጋር አልሄደም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ጤናቸው ሲመለስ ወይም «ተፈውሰሃል» ሲባሉ የሚያቆሙ ወገኖች አሉ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ አንዴ እየተወሰደ አንዴ ሲዘለል ደግሞ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዓይነት ሊፈጠር ይችላል። ያን ጊዜ ሲረዳ የነበረው ክኒን አይሠራም። መድኃኒቱን የተላመደው ቫይረስም ወደ ትዳር ጓደኛ፣ ወደሚወለደው ሕፃን ሊተላለፍ ይችላል። ቫይረሱ በምርመራ ሳይታይ ሲቀርም መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው እንጂ ይቁም ማለት አይደለም።

ንዕማን በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ታዘዘ። ነገሩ ቀላል ስለመሰለው ተቆጣ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲታዘዝ ግን ነጻ። ስድስተኛው ላይ ወጥቶ ቢሄድ ኖሮስ? ኢሳይያስም ለሕዝቅያስ የፈውስን ቃል ከነገረው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20፥5-7)። የተስፋው ቃልና መድኃኒቱ አልተጣሉም።

ስለዚህ እኛ አገልጋዮችም ምእመናንም አቋማችን ግልጽ ይሁን። ለታመመ እጅ ጭነን እንጸልያለን፤ «መድኃኒትህን ጣል» ግን አንልም። ክኒን በሰዓቱ መዋጥ አለማመን አይደለም፤ ለራስም ለባልንጀራም ማሰብ ነው። መድኃኒት መውሰዱን የነገረን ወንድም ካለ ምስጢሩን እንጠብቅለት፤ ዛሬ ማታ ደውለንም «ወሰድክ ወይ?» እንበለው። ይህም የአገልግሎታችን ክፍል ነው።

ጌታ ሆይ፣ የጀመርነውን መታዘዝ እስከ ሰባተኛው እንድንፈጽም እርዳን። አሜን።