ለሶላቷ መልስ ሰጠናት፤ ለሕመሟስ?

 

ወገብ ሲያመን ምክንያት አናጣም። ከከፊራ ሸክም ይዛ የተመለሰችን እናት «ድካም ነው» እንላታለን። በዚህ በድሬ ሙቀት እንኳ «ብርድ መቷት ነው» እንላለን። ወገቧ ይታሻል፣ ዋግምት ይደረግላታል፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ትወስዳለች። አብዛኛው የወገብ ሕመም ካንሰር ስላልሆነ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል፤ አልሐምዱሊላህ። የማይሻላቸውም ግን አሉ።

የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። በጊዜ ካልተያዘ ወደ ንፍፊት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት ይሠራጫል። አጥንት ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው አከርካሪ ላይ፣ በተለይም የታችኛው ወገብ ላይ ነው። ይህ ሕመም በዕረፍት አይሻልም፤ ሌሊት ይብሳል፤ ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ካመለጠ ወይም እምቢ ካለ ዕጢው ኅብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ግድ ነው። በዘገየን ቁጥር ዳግም የመራመድ ዕድሏ ይቀንሳል። የአከርካሪ ቲቢም ተመሳሳይ ምልክት አለው፤ ስለዚህ ግምት አይበቃም፣ መመርመር ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ ግን ወገቧን ሳያማት በፊት ሰውነቷ ነግሯት ነበር። ከወር አበባ ውጭ ደም፣ ከግንኙነት በኋላ ደም፣ ካረጠች በኋላ ደም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ታያለች። ለማን ትንገር?

ሙስሊም ሴት ደም ሲበዛባት አንድ የማታልፈው ጥያቄ አላት፤ «ልስገድ ወይስ አልስገድ?» ራሷ ወይም በባሏ በኩል ኡስታዙን ታስጠይቃለች። «ከሐይድ ካለፈ ኢስቲሓዳ ነው፤ ታጥበሽ፣ ለየሶላቱ ውዱእ አድርገሽ ስገጂ» ትባላለች። መልሱ ትክክል ነው። ግን ወሬው እዚያ ላይ ይዘጋል። ስለ ሶላቷ አወቀች፤ ደሙ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አልጠየቃትም።

ስለዚህ የኛ ሐሳብ ቀላል ነው። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ኡስታዝ ሁሉ፣ በሴቶች ደርስ የምታስተምር ኡስታዛም ሁሉ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ «ሐኪምም ይይሽ»። ወጪ የለውም። በሽታው አጥንት ሳይገባ ሴቲቱ ደፍራ የምታንኳኳው በር ምናልባት ይህ ብቻ ነው።

«ሐያእ ነው» የምንል እንኖራለን። የአንሷር ሴቶች ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ እንዳላገዳቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አመስግነዋቸዋል። ሴት ባለሙያ እንድታያት መጠየቅም መብቷ ነው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ እህቶች ደግሞ ምንም ሳያማቸው ቢመረመሩ ይመከራል። ምርመራው የማህፀን በርን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ ማየት ነው፤ ደቂቃዎች ይፈጃል። ወደ ካንሰር ሳይለወጥ የተገኘ ነገር ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ለልጆቻችንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የሚሰጠው የኤች ፒ ቪ ክትባት አለ። «መካን ያደርጋል» የሚባለው ወሬ ውሸት ነው።

አጥንት ከገባ በኋላ ሕክምናው በአመዛኙ ሕመሙን ማስታገስና መራመዷን መጠበቅ ነው። ያኔም ቢሆን «አበቃላት» ብለን አንተዋት። አንድ ጊዜ የሚሰጥ ጨረር እንኳ የአጥንት ሕመምን ሊያቀልል ይችላል፤ ሐኪም ያዘዘው ሞርፊንም ነውር አይደለም። ለረጅም ዓመታት ጨረር ያለው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ወገቧ የታመመ እናት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ትንገላታ ነበር። ዛሬ ቅርባችን ሐረር፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ማዕከል አለ።

አባወራዎች! አፎሻችን ለከፈንና ለለቅሶ ያዋጣል። ከዚያው ላይ ለአንዲት እናት የምርመራ መሳፈሪያ ብንመድብስ? ከቀብር በኋላ ከምናወጣው በፊት የምናወጣው ይሻላል።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ይለግስልን። ለእናትዎ፣ ለባለቤትዎና ለእህትዎ ያድርሱ።