ከጌጡ በፊት ሄልሜቱ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ፣ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ ስለ አዲስ ሞተር ብስክሌት ያለንን ሐሳብ ልንገልጽላችሁ ወደናል። ቡና በተሸጠ ማግስት በዋጫ አዲስ ሞተር ሲገባ እናያለን፤ ደስም ይለናል። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሕመምተኛ ያደርሳል፣ የቡና ጆንያ ያወርዳል፣ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል። ስለዚህ ሞተርን እንቃወማለን ማለት አይደለም።

የምንቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። አዲሱ ሞተር በመጣ በሳምንቱ ምን ይደረግለታል? መሪው ላይ ባለቀለም ዘርፍ ይንጠለጠላል፣ ታንከሩ ላይ ሥዕል ይለጠፋል፣ ከሥር የሚብለጨለጭ መብራትና ድምፅ ማጉያ ይገጠማል። ማርሚታው እንዲጮኽ ይበሳል። ስፖኪዮው ደግሞ «መልኩን ያበላሻል» ተብሎ ይፈታል። ሄልሜትስ? «እሱ ቀስ ብሎ ይገዛል» ነው መልሱ።

ባለፈው ክረምት ከሠፈራችን ልጆች አንዱ እንዲህ ባጌጠ ሞተር አንዲት እናታችንን ከኋላ አፈናጦ ከገበያ ሲመለስ፣ ጭቃ ቁልቁለት ላይ ተንሸራተተ። ፍጥነት እንኳ አልነበረውም። ልጁ ብድግ ብሎ ጭቃውን አራገፈ፤ የእሳቸው ራስ ግን ድንጋይ አገኘው። ነፍሳቸው ተርፏል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ የልጆቻቸውን ስም እያቀያየሩ ይጠራሉ። እኛ ሮጠን ስንደርስ ድምፅ ማጉያው ሳይጠፋ ይዘፍን ነበር።

ታዲያ ጥፋቱን ለልጁ ብቻ አንሰጥም። ሞተሩ የመጣ ዕለት ቤቱ ቡና ጠጥተን «አማረብህ» ብለን የመረቅነው እኛው ነን። ከመካከላችን «ሄልሜቱ የታለ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አስቀድመው ኮርቻና ልጓም ያዘጋጁ ነበር፤ ጌጡ ለሠርግና ለበዓል በኋላ ይመጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለውም ለዚሁ ነው። ፋብሪካውም ቢሆን ይህን ያውቃል። ለእርሻና ለገጠር ሥራ ተብሎ የተሠራውን ያማሃ ኤጂ 100 ተመልከቱ፤ ካቴናው በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ የእጅ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ በብረት የተከለሉ፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያለው ነው። አንድም ዘርፍ የለውም!

ስለዚህ አዲስ ሞተር ያስገባ ሰው ገንዘቡን በዚህ ተራ ቢያወጣ እንላለን።

አንደኛ፣ ሁለት ሄልሜት፤ አንዱ ለነጂው፣ አንዱ ለተሳፋሪው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ባሳተመው መሠረት በአግባቡ የታሰረ ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ40 ከመቶ፣ ከባድ የራስ ጉዳትን በ70 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። «በአግባቡ የታሰረ» የሚለውን ልብ በሉ። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት የሚጠብቀው ክርንን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ከፊት የሚታሰር የእግርና የሞተር መከላከያ ብረት። ሞተሩ በጎኑ ሲወድቅ እግር ከሥሩ እንዳይቀጠቀጥ ያግዛል። በቡሎን የሚታሰረው ይሻላል፤ ሻንሲው ላይ ብየዳ ብረቱን ያደክማል። ብየዳ የግድ ከሆነም ባትሪው አስቀድሞ ይነቀል፤ አለዚያ የኤሌክትሪኩ ዕቃ ሊቃጠል ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከጭቃና ከዝገት መከላከል። እኛ አገር ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ነው። ፓራፋንጎው ጫፍ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ቢታሰር ጭቃው ሞተሩ ላይ አይረጭም። ካቴናው በነጭ ጋዝ ይጸዳ፣ ዘይት ይቀባ። አዲስ ካቴና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚላላ በየጊዜው ይታይ። ሌሊት በፕላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል እርጥበቱን አፍኖ ያዝገዋል፤ አየር የሚያስገባ ሸራ ይሻላል። እባካችሁ ወንዝ ውስጥ አትጠቡ፤ ከታች ውኃ የሚቀዳ ሰው አለ።

አራተኛ፣ የመጀመሪያው ዘይት በመመሪያው በተጻፈው ኪሎ ሜትር ይቀየር፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ባለው ነው። አዲስ ብረት እርስ በርሱ ሲላመድ ብናኝ ይጥላል፤ ያ ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል።

አምስተኛ፣ ሰሌዳ፣ መንጃ ፈቃድና የሦስተኛ ወገን መድን። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሞተር ለዝርፊያ ዋለ ተብሎ እንቅስቃሴው ሲታገድ፣ በሐቅ የሚሠራውም ብዙ ሰው ከሥራው ተስተጓጉሏል። ሥርዓት ሲጠፋ ጦሱ ለሁሉም ይተርፋልና ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ዘርፍም ይሁን አበባ ይሰቀል፤ ማን ይከለክላል? ማርሚታ መብሳቱ ግን ይቅር፤ ሕፃን የሚያስተኛ፣ ሕመምተኛ የሚያስታምም ጎረቤት አለን።

ወጣቶቹ «ሄልሜት ተወደደ፣ ተሳፋሪውም ሌላ ሰው ያላበውን አላጠልቅም ይላል» ይሉናል። እውነት አላቸው። ነገር ግን ለማጉያውና ለመብራቱ የወጣውን ብር ደምሩት እስቲ! ላቡንም ቢሆን ከሥር ሻሽ ወይም ስስ ቆብ ማድረግ መፍትሔ ነው። እኛም ተሳፋሪዎች ነገሩ ከእኛ ይጀምራል። ለእኔ የሚሆን ሄልሜት ከሌለ አልፈናጠጥም ብንል፣ በሳምንት ውስጥ ሁለተኛው ሄልሜት ይገዛል።

በመሆኑም በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። አዲስ ሞተር ለገባበት ቤት ለምርቃት ስንጠራ፣ ባዶ እጃችንን ከምንሄድ አዋጥተን የተሳፋሪውን ሄልሜት ይዘን እንሂድ። ያን ጊዜ «አማረብህ» ብንል ያምርብናል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ዋጫ