«ደህና ነኝ» ያለው ልጅ

 

በጥቅምት፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ክፍል እንደገና ወደ ሼናንዶዋ ተራሮች ሊወጣ ነው። ከኛ ትምህርት ቤት ልጆች ብዙዎቹ እዚያም ስላሉበት የፈቃድ ቅጹ በሚመጣው ቅዳሜ ከቤት ሥራው ጋር ይላክላችኋል። ባለፈው ነሐሴ ልጆቹን ይዘን ከሄድነው ትልልቆች መካከል ስለነበርኩ፣ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ይሄን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ቅጽ እንዴት እንደምንሞላ እኮ እንተዋወቃለን፤ መኪና ውስጥ፣ መሪው ላይ አስደግፈን፣ ልጁ «ቶሎ በይ እንጂ» እያለ።

ሼናንዶዋ ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ 70 ማይል ያህል ርቆ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት መንገድ በተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል ይጠማዘዛል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ስልክ ብዙ ቦታ ላይ አይሠራም። ከተራሮቹ ሁሉ ከፍተኛው ሆክስቢል 4,051 ጫማ ነው፣ በሜትር 1,235 ገደማ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል። ከተማችን ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ መርካቶ የቆመ ሰው ሆክስቢልን ቁልቁል ነው የሚያየው። ከጉዞው በፊት በነበረው ስብሰባ ላይ አንድ አባት «ይሄም ተራራ ተብሎ ነው?» ብለው አስቀውናል። ንቀቱ ግን አይጠቅምም። የነሐሴ ሙቀት ከወበቁ ጋር ሲደመር አጭር ዳገት ረጅም ይሆናል፤ ልጆቻችን ደግሞ ያደጉት በመኪና ነው።

ጉዞው ለቡሄ ነበር የታሰበው። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 19። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር የወጣበት በዓል ስለሆነ፣ ልጆቹን ስለ በዓሉ ተራራ ላይ ብናስተምራቸው ያምራል ተባለ። ያምራልም። ቡሄ ግን የሚውለው በፍልሰታ መካከል ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ የልጆች ጾም ናት። አገር ቤት ሳለን እስከ ስንት ሰዓት እንደጾምን የምንፎካከርባት እሷ አይደለች? እዚህም ያው ነው። ስለዚህ ካህኑ አስቀድመው ከወላጆችና ከልጆቹ ጋር ተነጋገሩ፤ ዳገት በሚወጣበት ቀን ልጆቹ ጠዋት የጾም ቁርስ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው እንዲነሡ ተወሰነ። ይሄ ቀድሞ ማለቁ ጥሩ ነበር። ለአንድ ልጅ ጹም ወይም አትጹም ማለት ዳገት ላይ የቆመ አጃቢ ሥራ አይደለም፤ የንስሐ አባቱና የወላጆቹ ነው።

በማግስቱ ወደ ሆክስቢል ወጣን። እኛ ከጀመርንበት የመኪና ማቆሚያ እስከ ጫፉ አንድ ማይል እንኳ አይሞላም፤ ግን ወደ 700 ጫማ ገደማ ሽቅብ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ ሌሎቻችን መሀል መሀል ገባን። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀረ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች በየተራ «ደህና ነህ?» አሉት። ሦስቱንም «ደህና ነኝ» አላቸው፣ ፈገግ ብሎ። ጨዋ ልጅ ነው።

አብረውን የመጡ አንዲት አያት አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ምግቡን ሊያግዙ ነው የመጡት፤ «ትንሽ ልሞክረው» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላ ይከተሉ ነበር። እሳቸው ደህና ነህ ወይ አላሉትም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና «ና እስቲ አጠገቤ አረፍ በል፤ እኔ ደክሞኛል» አሉት። ተቀመጠ። «ጠዋት ምን በላህ የኔ ጌታ?» ዝም። «ዳቦውንስ?» ኪሱን ከፍቶ አሳያቸው። ዳቦው በወረቀት እንደተጠቀለለ አለ። ለካ ማታ ድንኳን ውስጥ ትልልቆቹ ልጆች «እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን» ሲባባሉ ሰምቷል። «አሁን ምን ይሰማሃል?» ሲሉት ጭንቅላቱ «ስፒን» እያደረገ እንደሆነ ነገራቸው። እማማ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ልጁ ጣቱን አንሥቶ በአየር ላይ አዞረው። «ውይ፣ አዞረህ!» አሉ። «አዎ፣ አዞረኝ» አለ ልጁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ጥላ ተፈለገ፤ ውኃ በትንሽ በትንሹ ጠጣ፤ ሁለት ተምር፣ ከዚያ ያችው ዳቦ። አንገቱን በእርጥብ ፎጣ አበስነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የፊቱ ቀለም ተመለሰ፤ ጫፉ ቀረበት፣ እማማና ሌላ አጃቢ ይዘውት ወረዱ። ማታ ከማንም በላይ ሲዘል ነበር። ግን አስቡት፤ «ደህና ነኝ» እንዳለ ትንሽ ወደ ላይ ቢቀጥል፣ ያ ሁሉ ድንጋይ ባለበት፣ ስልክ በማይሠራበት፣ ራሱን የሳተ ልጅ ተሸክሞ መውረድ ነበር።

የኛ ትምህርት ቤት ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን ፊደል ቆጥረዋል፤ ሰላምታ፣ ቀለማት፣ የሳምንቱን ቀናት ያውቃሉ። ስለ ገላቸው የሚናገሩበት አማርኛ ግን በጣም ጥቂት ነው። ደግሞ ይሄ ክፍል ለነሱ አስቸጋሪ ነው። በእንግሊዝኛ የሚርበው፣ የሚጠማው ሰውየው ራሱ ነው። በአማርኛ ግን ነገሩ ነው ሰውየው ላይ የሚመጣው፦ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ አዞረኝ። ሁሉም መጨረሻቸው «ኝ» ነው። ልጆቹ «ራብኩ»፣ «በረድኩ» ይላሉ፤ ቤት ውስጥ ይሳቅባቸዋል፤ ሁለተኛ አይሞክሩትም፣ ወደ እንግሊዝኛው ይዞራሉ። እባካችሁ አትሳቁባቸው። ልክ የሆነውን መልሳችሁ በጥያቄ በሉላቸው፤ «አሃ፣ በረደህ? ሹራብ ላምጣልህ?» በቃ፣ ትምህርቱ ይሄው ነው። በመምህራኑ በኩል እስከ ጉዞው ድረስ በየቅዳሜው የመጀመሪያዋን አሥር ደቂቃ ለእነዚህ ቃላት እንሰጣለን፦ አቅለሸለሸኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ እግሬን ወለም አለኝ፣ ዓይኔ ጭልም አለብኝ፣ ነደፈኝ፣ አሳከከኝ። የመጀመሪያዋ በተለይ ታስፈልጋለች፤ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ቫኑ ውስጥ ከኋላ የተቀመጡት ገና ግማሽ ሳንደርስ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«በቃኝ» የሚለውንስ? እሱን ያውቁታል፤ እንደማይሠራም ያውቃሉ። ማዕድ ላይ «በቃኝ» ሲሉን «በሞቴ!» ብለን አንድ ጉርሻ እንጨምራለን፤ ጉርሻ ደግሞ አንድ ሆኖ አያውቅም። ፍቅር ነው፣ እኔም አጎርሳለሁ፣ ወደፊትም አልተውም። ነገር ግን ቤት ውስጥ «በቃኝ» ብሎ ሰሚ ያላገኘ ልጅ ዳገት ላይ ለማያውቀው ሰው «በቃኝ» ይላል ብዬ አላምንም። እኛ አጃቢዎች ደግሞ «በርታ፣ ጎበዝ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ማለት ይቀናናል። ስለዚህ ያን ማታ ትልልቆቹ ለብቻ ተቀምጠን ተስማማን፦ ልጅ «በቃኝ» ካለ መጀመሪያ ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ውኃ ይጠጣል፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ነው። «ደህና ነህ?» የሚለውንም ለሰላምታ ብቻ አስቀረነው። በምትኩ «የውኃ ዕቃህን አሳየኝ»፣ «መጨረሻ የበላኸው ምንድን ነው?»፣ «ሽንት ቤት መቼ ሄድክ?» እንላለን። እነዚህን በ«ደህና ነኝ» መመለስ አይቻልም።

ወደ ቅጹ ልመለስ። «ልጅዎ ያለበት ሕመም» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት አብዛኞቻችን «የለም» ብለን እንጽፋለን። አስም አለ፤ «አሁን እኮ ተሽሎታል» ተብሎ ይታለፋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ደግሞ ስሙ እንዳይነሣ ይደበቃል፤ ሰው ምን ይለናል ነው ነገሩ። የወላጆቹ ጭንቀት ይገባኛል፤ ማኅበረሰባችን ትንሽ ናት፣ ወሬም ቶሎ ይዞራል። ግን ሌሊት ድንኳን ውስጥ ልጁ አጠገብ ያለው ሰው ካላወቀ ማን ይወቅ? ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ላኩ፤ ሁለቱን የሚያጣላ የለም። አልጋ ላይ የሚሸና ልጅም ካለ ለአንድ አጃቢ በጆሮ መንገር ይበቃል፤ ጠዋት ማንም ሳያይ እናስተካክላለን። የሚያስቆጣው ምግብ ካለ በተለይ ጻፉ። ለጾም ብለን የምንይዘው ቆሎ ውስጥ ለውዝ አለ፤ የኦቾሎኒ ቅቤውም፣ ሰሊጡም እንደዚያው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉት፤ እማማ አማርኛውን፣ የአምቡላንስ ሰው ቢመጣ እንግሊዝኛውን ያነባል።

ስለ ድብ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። አዎ፣ ጥቁር ድብ አለ። ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ቆሎም፣ ማስቲካም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ የከንፈር ቅባትም። ማታ መኪና ውስጥ ይቆለፋል። «ለልጄ ማታ እንዳይርበው» ብላችሁ ቦርሳ ግርጌ የምትደብቁት ዳቦ ይገኛል፤ ባለፈው አራት አግኝተናል። ከድቡ ይልቅ መዥገር ነው የሚያሳስበኝ፤ ሲመለሱ ፀጉራቸውን፣ ብብታቸውን፣ ከጉልበታቸው ኋላ እዩላቸው።

የቡሄው ማታ ግን ደስ ይል ነበር። በዚያ ፓርክ እሳት የሚነደው በተሠራለት ምድጃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከውጭ እንጨት ጭኖ መግባትም አይፈቀድም፣ በሙቀት ታክሞ ማረጋገጫ ካለው በስተቀር። ስለዚህ ችቦው ቀረና ምድጃዋ ዙሪያ ሆያ ሆዬ ተባለ። ጅራፍ አላስጮህንም፤ ጎረቤት ያሉትን ማስደንገጥ ነው። ጎረቤቶቹ ፈረንጆች ዘፈኑን ሰምተው ብቅ አሉ፤ ልጆቹን እንደ አገር ቤት ባለቤት መረቋቸው፣ በሙልሙል ፋንታ ማርሽማሎው ነበር። አንዷ የ13 ዓመት ልጅ ከረጢቱን አገላብጣ አነበበችና «ጄላቲን አለው፣ የፍስክ ነው» አለች። አመስግነው ተቀበሉ፤ ለፍልሰታ ፍቺ ተቀመጠ።

በመጨረሻው ቀን ምሳ የበላነው ሉዊስ ማውንቴን በሚባለው ቦታ ነው። ይሄ ቦታ በ1939 ሲከፈት ለጥቁር ጎብኚዎች ብቻ ተለይቶ የተሰጠ ነበር፤ መለያየቱ ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ1950 ነው። ልጆቹ የቦታውን ታሪክ ሲሰሙ ለእማማ ማስረዳት ያዙ። በአማርኛ፣ እየተጋገዙ። «ለጥቁር ብቻ» አለ አንዱ፤ «ሌላ ቦታ መግባት አይችሉም» አለች ሌላዋ፤ ቃል ሲጠፋቸው ወደኛ ዞር ይላሉ። እማማ «በገዛ አገራቸው?» አሉ። «በገዛ አገራቸው» ብሎ የደገመው ያ አዞረኝ ያለው ልጅ ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድም ልጅ ወደ እንግሊዝኛው አልሸሸም፤ የሚነግሩት ነገር ነበራቸዋ።

ቅጹ እስከ መስከረም መጨረሻ ቅዳሜ ይመለስ። መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ በዋናው ዕቃው ከነስሙ፤ ኢንሄለርና ኤፒፔን ከልጁ ጋር እንጂ ቫን ውስጥ አይቀርም። በጥቅምት ማታ ተራራው ላይ ይበርዳል፤ ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ የተለመደ ጫማ እንጂ አዲስ አይሁን፣ ሁለት ሊትር የሚይዝ የውኃ ዕቃ። አጃቢ ሁለት ይጎድለናል፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፤ የሚመቻችሁ ካላችሁ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ቡናው ጋ አግኙኝ። እማማ ስማቸውን አስመዝግበዋል።