የአሮጌ ትራክተር የጎማ ንፋስ የማሳውም ጉዳይ ነው

በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች በኪራይ ከሚያርሱት ትራክተሮች መካከል ብዙ ዘመን ያገለገሉ ይገኙባቸዋል። የጎማቸውን ንፋስ መሙላት የሾፌርና የጎሚስታ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። እኛ በአፈርና በሰብል ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች ግን ነገሩ ባለማሳውንም ይመለከታል እንላለን።

ሾፌሩ ከማሳ ወደ ማሳ በመንገድ ስለሚመላለስ ጎማው ጠንክሮ እንዲሞላለት ይፈልጋል። ጎሚስታውም በጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ይሞላል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ እንጂ ለእርሻ የሚመከረው ልክ አይደለም። ጎማው በአፈሩ ገጽ ላይ የሚያሳርፈው ጫና በውስጡ ካለው የንፋስ ግፊት ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ንፋሱ በበዛ ቁጥር አፈሩ ይታመቃል። በተለይ እርጥብ መረሬ አፈር ከታመቀ ውኃ አያሰርግም፤ ሥርም እንደልብ አያሳልፍም። ከዚህም ሌላ የጠነከረ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት ስለሚያንስ ይንሸራተታል፤ ናፍጣም ያባክናል።

እርግጥ ነው፣ ንፋስ ከልክ በታች ሲሆንም ጉዳት አለው። የጎማው ጎን ይተጣጠፋል። በከባድ ጉተታ ጊዜም ጎማው በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ከመነዳሪውን ቫልቩ ላይ ይቀደዋል። ያረጀ ጎማ ሲሆን ጉዳቱ ይፈጥናል።

ልኩን የሚወስኑት ጎማው የሚሸከመው ክብደትና የሚሄድበት ፍጥነት ናቸው። በኋላ ጎማ ብቻ በሚነዱ ብዙ የቆዩ ትራክተሮች የኋላው ጎማ ለእርሻ ከ0.8 እስከ 1.1 ባር፣ ማለትም ከ12 እስከ 16 ፒ.ኤስ.አይ. ይበቃዋል፤ የፊቱ ግን ከዚህ የበለጠ ይፈልጋል። የጎማው መጠን ወይም ዓይነት ከተለወጠ የድሮው መመሪያ መጽሐፍ ቁጥር አያገለግልም፤ የአዲሱን ጎማ የጭነት ሰንጠረዥ መከተል ይገባል። ንፋሱ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጭነት የያዘ ተሳቢ በመንገድ ለመጎተት ንፋሱ እንደገና መጨመር አለበት፤ ባዶውን ሲሄድ ግን ፍጥነት መቀነስ ይሻላል።

የንፋስ መለኪያ ዋጋ ከአንድ የኋላ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ስለሆነም ከማንኛውም የኪራይ ትራክተር ሊጠፋ አይገባም። ትራክተሩ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ የታመቀው አፈር ግን ከገበሬው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው የኪራዩን ዋጋ ሲነጋገር የንፋሱንም ልክ ሊጠይቅ ይገባዋል።