ከጎረምሳ ልጅ ጋር በርሊንን ማቀድ

እዚህ ሆላንድ ጨለማው ገብቷል፤ ከሥራ ስወጣ የሚቀበለኝ የመንገድ መብራት ነው። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ሰሞኑን ወሬው ሁሉ አንድ ሆኗል፤ የበርሊን ጉዞ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 14 ዓመት ሞላው። ያ ስለ ዳይኖሰር ሲያወራ የማይደክመው ልጅ አሁን በአንድ ቃል የሚመልስ ጎረምሳ ወጥቶታል። “ትምህርት ቤት እንዴት ዋልክ?” “ደህና።” “ምን በላህ?” “ምግብ።” ከባለቤቴ ጋር ተመካከርንና በገና ዕረፍቱ እኔና እሱ ብቻ ለሦስት ሌሊት ወደ አንድ ከተማ እንድንሄድ ወሰንን። ባለቤቴ ከትንሿ ልጃችን ጋር ቤት ይቀራል። ከተማዋን የመረጥኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በርሊን ነው።

እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ዕቅዱንም እንደ ሥራዬ ያዝኩት። ኤክሴል ከፈትኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የመግቢያ ዋጋ፣ የባቡር መስመር፣ “ዝናብ ከሆነ” የሚል አምድ ሳይቀር አስገባሁ። ስጨርስ ለሦስት ቀን 21 መስመር ወጣው። በጣም ኮራሁበትና ላኩለት። ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ወደ ታች እየገፋ ተመለከተው።

“እማዬ፣ ይሄ ዕረፍት ነው ወይስ ሥራሽ?” አለኝ።

ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ሠንጠረዡን እንደገና አየሁት። 21ዱንም መስመር የሞላሁት እኔ ነኝ። እሱ ያለበት “ተጓዦች” በሚለው ቦታ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ውል ተዋዋልን። በቀን አንድ ነገር እሱ ይመርጣል፣ አንድ ነገር እኔ እመርጣለሁ፣ የቀረው ባዶ ይሁን። አንዱ የመረጠውን ሌላው ሳያጉረመርም ይሄዳል። ሠንጠረዡንም እሱ ራሱ መጻፍ እንዲችል አድርጌ ከፈትኩለት።

መጀመሪያ የተማርኩት የብርሃንን ሒሳብ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ በርሊን ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። የቀኑ ብርሃን ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ጎረምሳ ደግሞ በዕረፍቱ ከ4 ሰዓት በፊት ከአልጋ አይወርድም። ቁርሱ ሲጨመርበት በብርሃን የምንዘዋወረው ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው። ለዚህ በቀን ሁለት ነገር በቂ ነው፤ ደጅ የሚታየውን በብርሃን፣ ቤት ውስጥ የሚታየውን ሲመሽ።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ መሄድ ነበር። ተማሪ ሳለሁ የደረሰብኝን ግን አስታወስኩ። በጀርመን ዲሴምበር 24 ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ 25 እና 26 የሕዝብ በዓል ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ሦስት ቀን በፓስታና በሽንኩርት አሳልፌያለሁ። ዋናው ዓላማችሁ የገና ገበያ ማየት ከሆነ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር 23 ባለው ጊዜ ሂዱ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ይነሣሉ፤ በርሊን ውስጥ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚቆዩ ጥቂቶች ግን አይጠፉም። የዲሴምበር 31 ሌሊት ደግሞ ሰዉ በየመንገዱ ርችት ስለሚተኩስ ከተማዋ እስኪነጋ ትንጫጫለች። ከቤተሰባችሁ መሐል የጥይት ድምፅ የሚመስል ነገር የሚረብሸው ሰው ካለ ይህን አስቡበት።

ስለዚህ ቅዳሜ ዲሴምበር 27 ሄደን ማክሰኞ 30 እንመለሳለን። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ለዶሮው ወጥ በደንብ እንደርሳለን። እሑድ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ለሚርበው ሰው የዋናው ባቡር ጣቢያ ሱፐርማርኬት አለ። ሰኞ ደግሞ ብዙዎቹ ሙዚየሞች ይዘጋሉ። ስለዚህ ሙዚየሙ እሑድ፣ ሌላው ሰኞ ሆነ። ትልቁ የፐርጋሞን ሙዚየም ከ2023 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷልና በእሱ ተስፋ አታድርጉ።

ሦስተኛው ሰነድ ነው። ከአምስተርዳም በርሊን በቀጥታ ባቡር ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ባቡር ነው ብላችሁ ግን ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቤት እንዳትተዉ። ጀርመን ከ2024 ሴፕቴምበር ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ቁጥጥር ስለጀመረች ፖሊስ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ወላጅ ብቻ ከልጁ ጋር ሲጓዝም የሌላኛው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ቢይዝ ጥሩ ነው። ባለቤቴ ፈርሞልኛል። በከተማው ባቡርና አውቶቡስ ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች በቅናሽ ይሄዳሉ፤ 15 ሲሞላ እንደ አዋቂ ነው። በመንግሥት ሙዚየሞች ከ18 ዓመት በታች ያለ አይከፍልም። የፓርላማውን የመስታወት ጉልላት መጎብኘትም ነጻ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት ስምና የትውልድ ቀን አስገብቶ መመዝገብ፣ ሲሄዱም ፓስፖርት መያዝ ያስፈልጋል።

አራተኛው ጫማ ነው። ብርዱ ዜሮ አካባቢ ነው፤ የሚያሸንፈው ግን ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ልጄ በነጭ ስኒከሩ ካልሄድኩ አለ። ተከራከርን። በመጨረሻ ውኃ የማያስገባ ጫማ እንዲገዛ፣ ምርጫው ግን የእሱ እንዲሆን ተስማማን። የመረጠው ጫማ ያስጠላኛል። እግሩ አይርጠብ እንጂ እኔ ዝም ብያለሁ።

ስለ ምግብ የምጨነቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጾመ ነቢያት ላይ ስለሆንን ቋሊማው ለእኔ አይሆንም። በርሊን ግን ለጿሚ ክፉ ከተማ አይደለችም። ፈላፍል በየማዕዘኑ አለ፤ ገበያው ውስጥ ደግሞ በስኳር የተቆላ ለውዝ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ለልጆች አልኮል የሌለው ትኩስ የፍራፍሬ ፓንች ይሸጣል። ለኩባያው መያዣ ያስከፍሏችኋል፤ ስትመልሱት ገንዘባችሁን ታገኛላችሁ። ለመጸዳጃ ቤትም ሳንቲም ኪስ ውስጥ ይኑራችሁ።

እንግዲህ ወደ ምርጫዎቹ ልምጣ። የእሱ የመጀመሪያ ምርጫ የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር። ቡንደስሊጋው በገና ሰሞን ዕረፍት ላይ መሆኑን ራሱ ፈልጎ አገኘና አዘነ። በምትኩ የኦሎምፒክ ስታዲየሙን አስገባ። እኔ ስታዲየሙን የማውቀው በ1936ቱ ኦሎምፒክና አራት ወርቅ በወሰደው ጄሲ ኦውንስ ነው። እሱ የሚያውቀው በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። “ያማል 17 ዓመት በሞላው ማግስት እዚያ ዋንጫ አነሣ፤ እኔ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል” አለኝ። ለወራት ከሰማሁት ሁሉ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ሁለተኛው ምርጫው የኮምፒውተር ጨዋታዎች ሙዚየም ነው፤ ሰኞ ክፍት መሆኑንም ሳልነግረው አረጋገጠ።

የእኔ የመጀመሪያው የቴክኒክ ሙዚየሙ ነው። ኮንራድ ዙሰ የሚባል ወጣት መሐንዲስ በ1930ዎቹ በወላጆቹ ቤት ሳሎን ውስጥ ትልቅ የማስሊያ ማሽን ገጣጠመ። ያ ማሽን በጦርነቱ ቦምብ ወደመ። ዙሰ ካረጀ በኋላ በ1980ዎቹ እንደገና ሠራውና አሁን እዚያ ቆሟል። ሥራዬ ከየት እንደመጣ ለልጄ ማሳየት እፈልጋለሁ። ሳሎኑን በብረት የሞላ ልጅ የታገሡ ወላጆችንም እንዳስብ ይረዳኛል።

ሁለተኛው የብራንደንቡርግ በር ነው። የበርሊን ማራቶን የሚያልቀው ከበሩ ጥቂት አልፎ ነው። ኃይሌ በ2008 በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ፣ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩት እዚህ ነው። ሦስተኛው በርናወር ጎዳና ነው። ግንቡ በ1961 ሲሠራ በዚያ መንገድ አንድ ወገን ያሉት ቤቶች በምሥራቅ፣ የእግረኛው መንገድ በምዕራብ ሆነው ቀሩ። ሰዎች በመስኮት እየዘለሉ ያመለጡበት ቦታ ነው። አሁን መታሰቢያ ሆኗል፤ መግቢያው ነጻ ነው።

የእሱ ሦስተኛ መስመር ለአንድ ሳምንት ባዶ ነበር። ባለፈው ረቡዕ ቢሮ ሆኜ ሠንጠረዡን ስከፍት ተሞልቶ አገኘሁት። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ “የእማዬ ቤት” ይላል።

ከ21ዱ መስመሮቼ ውስጥ ያ ቤት አልነበረም። ረስቼው አይደለም።

ወደ በርሊን የሄድኩት ልጄ ሦስት ዓመቱ ሳለ ነው። ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘሁና እሱን አዲስ አበባ ለአባቱና ለእናቴ ትቼ ሄድኩ፤ ሁለት ዓመት። “እንዴት አስቻለሽ?” ያላለኝ ሰው የለም። መኖሪያዬ በምሥራቅ በርሊን በትራም የሚደረስበት የተማሪዎች ማደሪያ ነበር። በክረምት አዲስ አበባ በርሊንን በሁለት ሰዓት ስለምትቀድም እሱ ሊተኛ ሲል እዚህ ገና 12 ሰዓት ነው። ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ እደውላለሁ። “በረዶ አሳዪኝ” ይለኛል፤ ስልኩን ወደ ደጁ አዞርለታለሁ። አንድ ቀን “እዚያ ይበርዳል?” ሲለኝ “በጣም” አልኩት። ሮጦ ሄዶ የእናቴን ጋቢ አመጣና ስልኩን ሸፈነው። ጨለመብኝ። እሱ ከላይ ጋቢውን እየደባበሰ “አሁን ሞቀሽ?” ይለኛል። እኔም በጨለማው ውስጥ “ሞቀኝ” እለዋለሁ።

ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም። ስለዚያ ጊዜ ከተነሣ ወሬውን ወደ ትምህርቱ፣ ወደ ዲግሪው እወስደዋለሁ። ልጄን በርሊን ወስጄ ከተማዋን በሙሉ ላሳየው አስቤ፣ እሱ የተወበትን ምክንያት ግን በ21 መስመር ከልዬ ነበር።

ያን ቀን ማታ ዕቃ እያጠብን ጠየቅሁት። “ለምን እዚያ? ተራ ሕንፃ እኮ ነው። የሚታይ ነገር የለውም።”

“መስኮቱን ማየት እፈልጋለሁ፤ በረዶ ታሳዪኝ የነበረበትን” አለ።

“ታስታውሰዋለህ?”

“አይ። ክረምት አዲስ አበባ ስንሄድ እማማ ነገረችኝ። ጋቢ አልብሼሻለሁ አይደል?” ሳህኑን አደረቀና መደርደሪያው ላይ አኖረው። “ለምን ሄድሽ ብዬ አይደለም። ቦታውን ማየት ብቻ ነው።”

“ለምን ሄድሽ ብትለኝም እመልስልሃለሁ” አልኩት።

“እሺ። እዚያው ትነግሪኛለሽ” አለና ወደ ክፍሉ ሄደ።

ከልጆቻችሁ ጋር ለመጓዝ የምታቅዱ ወላጆች፣ ከእኔ ስሕተት አንድ ነገር ብትወስዱ ደስ ይለኛል። ግማሹን ዕቅድ ለልጁ ስጡት። ልጁ የሚመርጠው ነገር እናንተ ልታሳዩት ካሰባችሁት ይልቅ ሊያይ የሚፈልገውን ይነግራችኋል። ስንመለስ እንዴት እንደነበረ እጽፍላችኋለሁ።

አሁን ሠንጠረዡ ስድስት መስመር ብቻ ነው። የመጨረሻው የማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ባቡራችን ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጊዜ አለን። የሰዓቱን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። “ዝናብ ከሆነ” በሚለው አምድ ላይ ልጄ “ያው እንሄዳለን” ብሎ ጽፎበታል።